«ሕያው ድንጋይ» የሚባለው ካክተስ ምንድን ነው?

«ቁልቋል» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በየአጥሩ ጥግ የሚቆመውን፣ ሲቆርጡት ነጭ ወተት የሚያፈሰውን ዛፍ ነው። እርሱ ግን በመልክ እንጂ በዘር ከካክተስ ጋር አይገናኝም። በአገራችን በደንብ የሚታወቀው እውነተኛ ካክተስ ከአሜሪካ አህጉር የመጣው በለስ ነው። የዛሬው ባለታሪካችንም የበለስ ዘመድ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ግን ዝምድናቸውን ለማመን ይቸገራል።

ሳይንሳዊ ስሙ አሪዮካርፐስ ፊሱራተስ ይባላል። አገሩ የቺዋዋ በረሃ ነው፤ በምዕራብ ቴክሳስና በሰሜን ሜክሲኮ፣ የኖራ ድንጋይ ጠጠር በተበተነባቸው ተዳፋቶች ላይ ይበቅላል። ስፋቱ በአብዛኛው ከመዳፍ አይበልጥም፤ ቁመቱም ከመሬት ብዙ ከፍ አይልም። አካሉ ባለሦስት ማዕዘን በሆኑ ወፋፍራም ጉብታዎች የተሠራ ነው። ጉብታዎቹ እንደ ጽጌረዳ ቅጠል ክብ ሠርተው ይደራረባሉ፤ ላያቸው የተሰነጣጠቀና የተጨማደደ፣ ቀለማቸውም ግራጫ ያጠላበት አረንጓዴ ነው። «ፊሱራተስ» የሚለው የላቲን ቃልም «የተሰነጠቀ» ማለት ነው። መሐሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ጸጉር ይታያል። እሾህ ግን የለውም፤ ትንንሽ እሾሆች የሚታዩት ገና ከዘር በበቀለ ቡቃያ ላይ ብቻ ነው። በዙሪያው ካለው ድንጋይ ስለማይለይ፣ አጠገቡ ቆሞ «የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይፈረድበትም።

የሚያጋልጠው አበባው ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ እኛ ዘንድ አደይ አበባ በሚፈካበት ሰሞን ማለት ነው፣ ከዚያ ጥጥ መሐል ደማቅ ሮዝ አበባ ብቅ ይላል። ሲፈካ ከሥሩ ያለውን ተክል ሊሸፍነው ምንም አይቀረው።

ለእኔ ከአበባው ይልቅ የሚደንቀኝ ሥሩ ነው። እንደ ካሮት የወፈረ ሲሆን ውኃ ያጠራቅማል፤ ከዚያም አልፎ ይኮማተርና ተክሉን ወደ መሬት ይስበዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሥሩ ተክሉን በዓመት ከ6 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ወደ ታች እንደሚጎትተው ለክቷል። ጥቅሙ ከሙቀት መሸሽ ነው። ተመራማሪዎቹ ተክሎቹን ለከባድ ሙቀት ባጋለጧቸው ጊዜ ጠጠር ባለበት አፈር ውስጥ ጠልቀው የተተከሉት ሲተርፉ፣ ጫፋቸው ከአፈሩ ከፍ ብሎ የቀረው ሞተዋል።