የተኩስ ሥርዓት በጎንደር፦ ከኢላማ ሜዳ እስከ ሠርግ ዳስ

የተኩስ ሥርዓት ማለት መሣሪያ የያዘ ሰው አጠገቡ ላለው ሰው የሚያደርገው ጥንቃቄና አክብሮት ነው። በሌላው ዓለም ይህ ሥርዓት ተጽፎ የሚገኘው ለኢላማ ሜዳ ነው። የተኩስ መስመር አለ። አዛዥ አለ። ተኩስ የሚጀመርበትና የሚቆምበት ቃል አለ። በጎንደርና በዙሪያዋ ግን ሲቪሉ ሰው በብዛት የሚተኩሰው ሜዳ ወጥቶ አይደለም። ሠርግ ላይ ይተኩሳል፣ ለቅሶ ላይ ይተኩሳል፣ ወንድ ልጅ ተወለደ ብሎ ይተኩሳል። እዚያ አዛዥ የለም። ያለው ደጋሽ፣ ጠላና ይሉኝታ ነው።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው መባል አለበት። ጎንደሬ በጠመንጃ አያያዝ ላይ ሥርዓት የለውም የሚል ሰው አገሩን አያውቀውም። ሥርዓት አለ፣ ያውም ጥብቅ። የሚላላው ቃታ ሲሳብ ነው።

ጠመንጃ እንዴት ገባ

የጠመንጃ ታሪክ በዚህ አካባቢ ከከተማዋ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1541 ዓ.ም. 400 ያህል ጠመንጃ የያዙ ፖርቱጋሎች በክሪስቶቫው ዳ ጋማ እየተመሩ ገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዓፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ግራኝ አሕመድ ከጣና በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ በጥይት ወደቀ። ጎንደር የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1636 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዓፄ ፋሲል ግንቡን ሲያስገነቡ ጠመንጃ ለአገሩ እንግዳ አልነበረም።

በኋላ ዘመን ባለአንድ ጥይቱ ውጅግራ መጣ። ምንሽር ተከተለ። የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ምሽጉን ያጣው እዚሁ ጎንደር ነው፤ ጄኔራል ናዚ እጁን የሰጠው እ.ኤ.አ. ኅዳር 27 ቀን 1941 ዓ.ም. ነበር። ከጦርነቱ የተረፈ መሣሪያ ገጠሩን ሞላው። ዛሬ የሁሉም አውራ ክላሽ ነው። ምንሽርና ውጅግራ ያለው ሰው ደግሞ የአባቱን አደራ እንደያዘ ይቆጥረዋል።

ስለ ጉረኛ ተኳሽ ከተነሣ ጎንደር የራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1770 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከተማዋ ገባ። አንድ ግብዣ ላይ ገብረ መስቀል የሚባል የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመድ ሞቅ ብሎት ስለ ተኩሱ ጉራውን ይነዛል። ብሩስም ዝም አላለም። አንተ ብረት ተኩሰህ ከምትሠራው እኔ የሞራ ሻማ ተኩሼ የምሠራው ይበልጣል አለው። ነገሩ ወደ ጠብ ሄደ፣ ቢላም ተመዘዘ። በኋላ ታረቁ። ወሬው ከወጣቱ ንጉሥ ከዓፄ ተክለ ሃይማኖት ዘንድ ደረሰና እስቲ አሳየኝ ተባለ። ብሩስ ግማሽ ሻማ ጠመንጃው ውስጥ ከትቶ ተኮሰ፤ ሦስት ጋሻ ደርቦ በሳ። ታሪኩን የጻፈው ራሱ ብሩስ ነው። የማን ጉራ እንደሚበልጥ አንባቢ ይፍረድ።

የአያያዝ ወግ

በገጠሩ ጠመንጃ እንደ ልብስ ነው። ትከሻ ላይ በአግድም ተጋድሞ ሁለት እጅ ይንጠለጠልበታል፣ ወይም በማንገቻው ከጀርባ ይውላል። ቤት ሲገባ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ መሬት አይጣልም። ሰው የሌላን ሰው ጠመንጃ ሳያስፈቅድ አይነካም። አይረማመድበትም። ሟቹ ባለ ጠመንጃ ከሆነ ለቅሶው ላይ መሣሪያው ይወጣል፤ አልቃሽም ስሙን ከጠመንጃው ጋር እያነሣች ታለቅሳለች።

መሣሪያ የሚቀባበሉበትም ወግ አለ። አንድ የደንቢያ አዛውንት ጠመንጃ ለሰው ሲሰጡ ልብ ብላችሁ እዩ። መጀመሪያ ካዝናውን ይነቅላሉ። ከዚያ ማቀባበያውን ስበው የጎረሰ ጥይት ካለ ያስወጣሉ። አንድ ጊዜ አይበቃቸውም፣ ይደግሙታል። ዐይናቸው ደከም ካለ ትንሿን ጣት ጎሬው ውስጥ፣ ጥይት በሚጎርስበት ቀዳዳ፣ ከትተው ይዳብሳሉ። ከዚያ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገው፣ ሰደፉን ወደ ተቀባዩ መልሰው፣ በሁለት እጅ ይሰጣሉ። ተቀባዩም ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ይቀበላል። ማንም አሠልጣኝ ከዚህ የተሻለ አያሳይም።

ቅደም ተከተሉ ለወግ ብቻ አይደለም። ክላሽ ላይ ካዝናው ሳይነቀል ማቀባበያው ከተሳበ፣ አንዱ ጥይት ሲወጣ ሌላው ይጎርሳል። ሰውየው ባዶ አደረግሁት ብሎ ያስባል፤ መሣሪያው ግን እንደጎረሰ ነው። ካዝናውን ነቅሎ ሳያቀባብል የተወውም ያው ነው፤ አንድ ጥይት ጎሬው ውስጥ ይቀራል። ባረቀ የሚባለው፣ ሳይታሰብ የሚተኮሰው፣ ከእነዚህ ከሁለቱም ይመጣል።

የኢላማ ሜዳ ደንብ

ሜዳው የጦር ሠራዊት ይሁን የፖሊስ ወይም የስፖርት፣ መሠረቱ አንድ ነው። ማንኛውም መሣሪያ ጥይት እንዳለበት ይቆጠራል። አፈሙዝ ሊመቱት ወደማይፈልጉት ነገር አይዞርም። እስኪያነጣጥሩ ድረስ ጣት ቃታ ላይ አይገባም። ከኢላማው በስተጀርባ ምን እንዳለ ሳይታወቅ አይተኮስም። ተኩስ ሲቆም ሁሉም መሣሪያውን ባዶ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ሰው ወደ ኢላማው የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመር የሚፈቅደው አዛዡ ብቻ ነው። አቁም ማለት ግን የማንም መብት ነው። የጓዳ ሠራተኛም ብትሆን አደጋ ካየች አቁም ትላለች፣ ኮሎኔሉም ይታዘዛል።

ስፖርቱ እ.ኤ.አ. ከ1896ቱ የአቴንስ ኦሊምፒክ ጀምሮ አለ። በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር የኢላማው እምብርት ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ፉከራ አይሠራም። የሚሠራው ትንፋሽ ነው።

አስቸጋሪ ሰዎች

ሜዳም ይሁን ዳስ፣ አስቸጋሪው ሰው ያው ነው። ዓይነቱ ግን ብዙ ነው።

አንደኛው አፈሙዙን የማይጠብቅ ነው። ክፋት የለውም፤ ወሬ ይወዳል። ለወሬ ዞር ሲል አፈሙዙም አብሮት ይዞራል። መሬት ላይ የተቀመጠውን ሁሉ በወገቡ ልክ ጠርጎ ያልፋል። አንድ ሰው ቢደነግጥ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «አይዞህ፣ ባዶ ነው።» ይህችን ቃል የሚያበዛ ሰው አጠገብ መቀመጥ አልወድም። ባዶ ከሆነ ምን ከፋው፣ ወደ ላይ አያደርገውም?

ሁለተኛው «እስቲ ልየው» ባይ ነው። ጠመንጃ ባለቤቱ ሲያሳይ ይታያል እንጂ አይጠየቅም። ይሄኛው ግን ይጠይቃል፣ ይቀበላል፣ ወዲያው ትከሻው ላይ ደግፎ ወደ በሩ ያነጣጥራል። በበሩ ደግሞ ሴቶች ወጥ ይዘው ይገባሉ።

ሳይጠየቅ የሚያሠለጥንም አለ። ሜዳ ላይ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። አንተ አነጣጥረህ ትንፋሽህን ይዘሃል፤ እሱ ከጀርባህ ሆኖ ትከሻህን ዝቅ፣ እግርህን ከፈት ይልሃል። ምክሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። ቃታ ሊሳብ የደረሰን ሰው ማናገር ግን በራሱ ጥፋት ነው። መልሱም ቀላል ነው፦ መሣሪያውን አስቀምጦ፣ ዞሮ፣ «እሺ፣ ስጨርስ እሰማሃለሁ» ማለት። መሣሪያ ይዞ መከራከር ግን የለም።

አዲሱ ትውልድ ደግሞ ስልክ ይዞ መጥቷል። ለቲክቶክ ሲባል በአንድ እጅ ስልክ፣ በአንድ እጅ ክላሽ። ክላሽ በሁለት እጅም ሲተኮስ አፈሙዙ ወደ ላይና ወደ ጎን ይሸሻል፤ በአንድ እጅ የት እንደሚደርስ እግዜር ይወቀው። ልጆቹም አሉ፣ ቀለሃ ለመልቀም የሚሽቀዳደሙ። የእነሱ ጥፋት አይደለም፤ ልጅን ከተኩስ መስመር ማራቅ የትልቅ ሰው ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ጠጥቶ የሚፎክረው ነው። ማሲንቆ ተመቶ፣ አዝማሪው ዘሩን ቆጥሮ ሲያወድሰው ደሙ ይሞቃል። ቀረርቶ ያወርዳል። ፉከራ ድሮም ነበረ፣ ያምራልም። በፉከራ መሀል ጣት ቃታ ውስጥ ሲገባ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ወደ ሰማይ የሚተኮሰው

ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሰው አይነካም የሚሉ ብዙ ናቸው። የክላሽ ጥይት አፈሙዙን የሚለቀው በሰከንድ ወደ 715 ሜትር ፍጥነት ነው። ቀጥ ብሎ ከተተኮሰ ሽቅብ ከሄደ በኋላ አየሩ ፍጥነቱን ይበላዋል። የወታደር ጠመንጃ ጥይት ሲመለስ በሰከንድ እስከ 90 ሜትር ገደማ ሊፈጥን እንደሚችል በሙከራ ታይቷል። የሰው ራስ ቅል ለመበሳት 60 ገደማ ይበቃል። ያ እንግዲህ ቀጥ ብሎ ለተተኮሰው ነው። ሠርግ ላይ ቀጥ አድርጎ የሚተኩስ የት አለ? አፈሙዙ ጋደል ይላል። ያን ጊዜ ጥይቱ ብዙ ፍጥነቱን እንደያዘ ይሄድና ሰፈር ተሻግሮ ይወርዳል።

ጥይቱ አየር ላይ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ሊቆይ ይችላል። ሲወርድ ተኳሹ ጠላውን አንሥቷል። ማራኪ በሚባለው ሰፈር የተተኮሰ የማን ግቢ እንደወደቀ የሚያውቅ የለም። የቆርቆሮ ጣሪያ አያቆመውም። ከተማው በሰፋ ቁጥር ድሮ ለገደልና ለጫካ ይተኮስ የነበረው አሁን ለጎረቤት ይተኮሳል።

ጆሮም አለ። የጠመንጃ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፤ ይህ በአንድ ተኩስ ብቻ ጆሮን ሊጎዳ የሚችል መጠን ነው። ኢላማ ሜዳ ላይ ያለ ጆሮ መከለያ መስመር ላይ መቆም የተከለከለው ለዚህ ነው። ዳስ ውስጥ ግን አራስ ልጅ የታቀፈች እናት አጠገብ ይተኮሳል። በየድግሱ ሲተኩስ የኖረ ሰው ሸምገል ሲል ለምን «እህ? ምን አልክ?» እንደሚያበዛ መገመት አይከብድም።

ሌላም ምክንያት መጥቷል። ባለፉት ዓመታት የአማራ ክልል ጦርነት አይቷል። ሌሊት ተኩስ ሲሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሠርግ አይደለም። ልጆቹን ይዞ መሬት ላይ ይተኛል። ለደስታ የተተኮሰ ጥይት ጎረቤት ቤት ሲደርስ ደስታ አይደለም።

እንዴት ይነገራል

ጥፋቱን ማየት ቀላል ነው፤ መናገሩ ይከብዳል። ጠመንጃ የክብር ነገር ነው። በሰው ፊት «መያዝ አትችልም» የተባለ ጎልማሳ አፈሙዙን አይመልስም፣ ጭራሽ ይብስበታል። ስለዚህ የለመደ ሰው ጥፋቱን ሳይጠራ መፍትሔውን ይጠይቃል። ለትልቅ ሰው «ጋሼ፣ ልጆች እየበዙ ነውና ወደ ላይ ያድርጉልኝ» ይባላል። ለእኩያ «ወንድምዬ፣ እዚያ ግድግዳው ላይ እንስቀልልህ፣ እንዲመችህ» ይባላል። እምቢ ካለ ነገሩ ከእንግዳ ወደ ደጋሽ ያልፋል። ደጋሹ ካፈረ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ ሲለምን እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ብዙው እዚህ ላይ ያልቃል።

ብልህ ደጋሽ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። በር ላይ የተከበረ፣ የማይጠጣ ሰው ያስቀምጣል። መሣሪያው በጊዜ ይሰበሰባል፣ ባዶ ይደረጋል፣ ጓዳ ይቆለፍበታል። የሚሰበስበው ወጣት ከሆነ አይሆንም፤ ሰው ጠመንጃውን ለታላቁ ሲሰጥ ሳይሆን ለታናሹ ሲሰጥ ነው ቅር የሚለው። ለሁሉም እኩል መደረግ አለበት። የሙሽራው አጎት ሳይሰጥ የጎረቤቱ ከተሰበሰበ ድግሱ ያልቅለታል።

ከይሉኝታው ውጭ የሆነ አንድ ጊዜ አለ። አፈሙዝ ሰው ላይ ሆኖ ጣት ቃታ ውስጥ ከገባ፣ ጋሼም ወንድምዬም የለም። «አቁም!» ነው። ይቅርታው በኋላ ይጠየቃል።

የመንግሥት ሕግም አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ አድርጎታል። ባረቀብኝ ብሎ ሰው የገደለ ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543፣ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ይጠየቃል። ከፍርድ ቤቱ ጎን ለጎን የአገር ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ይገባሉ። ካሣ ይቆረጣል፣ መሐላ ይፈጸማል፣ የሟች ወገን በቀል ይተዋል። ይህ እርቅ ሌላ ሞት ያስቀራል። ክሱን ግን አያስቀረውም። ፋይሉ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይቀጥላል፤ እርቁ ቢበዛ ለዳኛው ቅጣት ማቅለያ ሆኖ ይቀርባል።