«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል»፦ ትርጓሜውና መነሻው

ሕይወቱን በሥራ ያሳለፈ መሐንዲስ ወይም አገር ያከበረው የመንደር ሽማግሌ አርፎ ሕዝብ ለቀብር ሲሰበሰብ፣ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለውን ያህል የሚደጋገም አባባል ያለ አይመስለኝም። ከመደጋገሙም የተነሣ ብዙዎች የማጽናኛ ቃል ብቻ አድርገው ይቆጥሩታል። አባባሉ ግን ከማጽናናት ይልቅ መመዘን ይቀናዋል፤ ሟቹን የሚለካው በቀብሩ ዕለት በተነገረለት ሙገሳ ሳይሆን ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ሥራው በሰው መካከል በሚሰጠው አገልግሎት ነው።

«ስም» እዚህ ላይ መጠሪያ ማለት አይደለም። «ስም አተረፈ»፣ «ስሙን አስጠራ»፣ «ስሙ ጠፋ» በምንልበት አገባብ በሥራ የተገኘን ክብር ወይም ነውር ያመለክታል። አባባሉ «መልካም ስም» አለማለቱንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። መጽሐፈ ምሳሌ በ10ኛው ምዕራፍ የጻድቅ መታሰቢያ ለበረከት እንደሆነ፣ የኃጥኣን ስም ግን እንደሚጠፋ ይናገራል፤ የአማርኛው አባባል እንዲህ ዓይነት ተስፋ አይሰጥም። ሕዝብን የበደለ ሰው ስምም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የልጅ ልጆቹም ሳይወዱ ይሸከሙታል።

የሐሳቡ ሥር ከሁለት ወገን ይመዘዛል። አንደኛው ቤተ ክህነት ነው፤ በግእዙ መዝሙረ ዳዊት 111ኛው መዝሙር ላይ የሚገኘው «ዝክረ ጻድቅ ለዓለም ይሄሉ» የሚለው ቃል፣ ማለትም የጻድቅ መታሰቢያ ለዘላለም ይኖራል የሚለው፣ በየመታሰቢያው ሲጠቀስ የኖረ ነው። ሁለተኛውና ለአባባሉ ይበልጥ የሚቀርበው የልቅሶው ሜዳ ነው። ሙሾ አውራጇ ሟቹን በደፈናው «ደግ ነበር» ብላ አታልፈውም፤ የት እንደዘመተ፣ ማንን እንዳስታረቀ፣ ለማን በሩን እንደከፈተ እያነሣች ታስለቅሳለች፤ ሥራ የሌለው ሰው ሲሞት ለሙሾ የሚሆን ግጥም ያጥራታል። ትልልቅ ሰዎች በፈረስ ስማቸው የሚጠሩትም በዚሁ ባህል ውስጥ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ተብለው ዛሬም ይጠራሉ።

ሐውልት ማቆም ስምን ከማቆየት ጋር አንድ እንዳልሆነ ለማየት አክሱም ሄዶ መመልከት ይበቃል። እነዚያ ትልልቅ ሐውልቶች በመቃብር ሥፍራ የቆሙ ናቸው፤ ከጣሊያን በ1997 ዓ.ም. የተመለሰው 24 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ ደግሞ ወደ 33 ሜትር ይጠጋል። በግንባራቸው ላይ በርና መስኮት ያለው ባለብዙ ፎቅ ሕንፃ ተቀርጿል፤ ከሥራቸው ያረፈው ሰው ስም ግን አልተጻፈባቸውም። ድንጋዩ ከመቃብር በላይ ቆሞ ስሙ ከመቃብር በታች ቀረ ማለት ነው። ያን ሁሉ ክብደት ጠርቦና ጎትቶ ያቆመው ባለሙያም ስሙ አልተጻፈም፤ ሥራው ግን አሁንም የመሐንዲስ ጭንቅላት ያስጨንቃል።

በቅርብ ዘመን አባባሉ በአንድ መሐንዲስ ላይ በገሃድ ሲነገር የሰማነው ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ባረፉ ጊዜ ነው። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት በግልገል ጊቤ ሠርተዋል። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ላይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ፤ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበሩም እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ሸኛቸው። ስለ አሟሟታቸው የተባለውን ሁሉ እዚህ ማንሣት ከጉዳያችን ያወጣናል። ለአባባላችን የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ግድብ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል አመነጨ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ተመረቀ። ጉባ ላይ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ መያዝ የሚችልና ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም ያለው ሥራ የአንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ የብዙ ሺህ ሠራተኞች ላብና የመላው ሕዝብ መዋጮ አለበት። ያም ሆኖ ግድቡ በተነሣ ቁጥር የእሳቸው ስም አብሮ ይነሣል፤ የሚያነሣውም ተራው ሰው ነው።

የመሐንዲስ ሥራ ለዚህ አባባል የተመቸ ነው፤ ድልድዩ ይታያል፣ ውኃው ከቧንቧው ይወርዳል። አስቸጋሪው የማኅበረሰብ መሪ ስም ነው፤ የእርሱ ሥራ ተርፎ የሚገኘው በሰዎች መካከል ባበጀው ሥርዓት ውስጥ ነውና። ለሃያ ዓመት የዕድር ዳኛ ሆኖ ያገለገለ ሰው ሲሞት የሚታየውን አስቡ። ጥሩምባው በሰዓቱ ከተነፋ፣ ድንኳኑ ሳይጓደል ከተተከለ፣ የገንዘቡ መዝገብ ያለ ጭቅጭቅ ለተተኪው ከተላለፈ፣ የሰውየው ስም እዚያው ዕለት መዋል ጀምሯል። ዕድሩ ከእርሱ ጋር አብሮ ከፈረሰ ግን፣ በሕይወት ሳለ የቱንም ያህል ቢከበር፣ ሥርዓት ሳይሆን ራሱን ብቻ ነበር ያቆመው። እኔ ከግድቡም ከድልድዩም ይልቅ ይህኛውን ፈተና ከባድ አድርጌ አያለሁ።

ከዚህ አንጻር በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ አባባሉን እምብዛም አያገለግለውም። «ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊትና ከአባታቸው ከአቶ እገሌ ተወለዱ» ብሎ ይጀምራል፤ የተማሩበትን፣ ያገኙትን ዲግሪና የተሾሙበትን ቢሮ በዓመተ ምሕረት ይደረድራል፤ «ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ» ይልና በመጽናናት ምኞት ያበቃል። ሰውየው መሐንዲስ ከነበሩ የሠሩት መንገድ የትኛውን ቀበሌ ከየትኛው ጤና ጣቢያ እንዳገናኘ፣ ሽማግሌ ከነበሩ በምን ብልሃት የድንበር ጠብ እንዳበረዱ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢገባበት ከሹመቱ ዝርዝር ሁሉ ይበልጥ ነበር። ሙሾ አውራጇ ይህን ታውቀዋለች።

አባባሉን የሚቃረን የሚመስል ሌላ ተረትም አለ፤ «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው»። ሟች ሁሉ ከነበረው በላይ ይወደሳል ማለት ነው። ሁለቱ ግን የሚጣሉ አይደሉም። የኋለኛው ሐዘን በጋለበት ሰሞን ስለሚነገር ውዳሴ ይናገራል፣ የፊተኛው ደግሞ ያ ሰሞን አልፎ፣ ተዝካሩም ወጥቶ፣ ሙት ዓመቱም ተቆጥሮ ስለሚተርፈው።

በአነጋገር ልማድ አባባሉ ለሐዘንተኛ ብቻ አይነገርም። ለቆመ ሰውም ተግሣጽ ሆኖ ይቀርባል፤ ጉቦ ተቀብሎ ሲሚንቶ ያጎደለ ግንበኛ ወይም በአድልዎ ሊፈርድ ያሰበ ሽማግሌ «ኧረ ተው፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። «ከመቃብር በላይ የሚውል ሥራ» የሚለው አገላለጽም ከዚሁ ወጥቶ ዛሬ በምረቃና በሽልማት ንግግሮች ላይ ባለቤቱ ሳይሞት ጭምር ይሰማል።