«ሳይደርቅ በርጥቡ» ሲባል

በቅርቡ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ተቀምጠን የባልየው ቁጡነት ጉዳይ ተነሣ። አንዱ አባት «እሱማ ሳይደርቅ በርጥቡ ነበር» ብለው ነገሩን ዘጉት። የ45 ዓመቱ ጎልማሳ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣም።

ተረቱ ሲሟላ «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ነው። ሁለተኛውን ግማሽ እየጣልነው ነው እንጂ፣ ለእኔ ምስጢሩ እዚያ ነው። ይህን ያለው እረኛ ነው ባይ ነኝ፤ የሚደርቀው በትሩ፣ የሚርቀው ከብቱ። ከመንጋው ፈንጠር ያለች ጥጃ ባንድ ፉጨት ትመለሳለች። ወንዝ ከተሻገረች ቀኑን ሙሉ ታስኬዳለች፤ ግን ትመለሳለች።

በትሩም እንዲሁ ነው። አያቴ ወይራ ቆርጠው ሲመጡ ያኑ ዕለት ልጠው፣ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው በእጃቸው ብቻ ያቃኑት ነበር። አንዴ እኔ ጣሪያ ሥር ሸጉጬ የረሳሁት በትር ጎብጦ ደረቀ። ይጥሉታል ስል ቅቤ ቀቡት፤ ረመጥ ላይ አገላበጡት፤ ሲግል የዛፍ ባላ መሐል አስገብተው ቀስ እያሉ ተጫኑት። እንቢ አለ። እንደገና ቀቡ፣ እንደገና አሞቁ። የቅቤውና የወይራው ጭስ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ሦስት ማታ ፈጀ፤ በትሩ ተቃና፤ ጉጡ አጠገብ ብቻ ትንሽ ጎበጥ እንዳለ ቀረ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 የአብዛኛው ሰው ጠባይ 30 ዓመት ላይ እንደ ጀሶ ይደርቃል ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ብሬንት ሮበርትስና ባልደረቦቹ፣ ለዓመታት ክትትል የተደረገላቸው የ92 የሰዎች ናሙናዎችን ውጤት አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ኃላፊነት መሸከምና ስሜትን መግዛት ይበልጥ የሚጎለብቱት ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ጊዜ ሆኖ ተገኘ፤ እኛ «ደረቀ» በምንልበት ዕድሜ። ከዚያም በኋላ ለውጡ አይቆምም። ቁጡ ሰው ከእኩዮቹ ይልቅ ቁጡ እንደሆነ ሊያረጅ ይችላል፤ እሱ የጉጡ ጉብጠት ነው። ከትናንቱ ራሱ ግን ሊለዝብ ይችላል።

ተረቱ የሚገሥጸው የዘገየውን አቃኚ ነው፤ እንጨቱን አይፈርድበትም። እኛ ግን ተስፋ ለመቁረጫ አደረግነው፣ ያውም ሰውየው ፊታችን ተቀምጦ። የፊታችን እሑድ ለሽምግልናው ድጋሚ እንቀመጣለን፤ ተረቱን ከነሁለተኛው ግማሽ ይዤው እሄዳለሁ።