ያለጊዜው በተወለዱ ሕፃናት ልብ ውስጥ ካቴተር ሲገባ

ሕፃን ማህፀን ውስጥ ሳለ በሳንባው አይተነፍስም። ወደ ሳንባ የሚያመራው ደም አብዛኛው ዳክተስ አርቴሪየሰስ በሚባል አጭር መተላለፊያ ወደ አኦርታ (ከልብ ወደ ሰውነት ደም የሚወስደው ዋና ሥር) ይሻገራል። በጊዜው በተወለደ ልጅ ይህ መተላለፊያ በጥቂት ቀናት ይዘጋል። ያለጊዜው በተወለደው ግን ብዙ ጊዜ ክፍት ይቀራል። ያኔ ደም ሳንባን ያጥለቀልቃል፤ ልጁም ከመተንፈሻ መሣሪያ መላቀቅ ያቅተዋል። መተላለፊያው እንዲዘጋ የሚቀሰቅሰው ኦክስጅን ነው፤ በደጋ ደግሞ ኦክስጅን ይሳሳል። ሱሉልታና እንጦጦ ሥር ለምንኖር ሰዎች ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

መጀመሪያ የሚሞከረው መድኃኒት ነው፤ ኢቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል። እሱ ካልሠራ በብሽሽት ደም መላሽ ሥር ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ ገብቶ መድፈኛ ይቀመጣል። ፒኮሎ የተባለው ከአተር ፍሬ ያነሰ መድፈኛ በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 700 ግራምና ከዚያ በላይ ለሚመዝኑ ሕፃናት ተፈቅዷል። ትንንሾቹ አንድ ኪሎ ስኳር እንኳ አይሞሉም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ገላ ላይ ስህተት ቦታ የላትም። መድፈኛው ተንሸራቶ ወደ ሳንባ የደም ቧንቧ ወይም ወደ አኦርታ ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ በሽቦ ማጥመጃ ተይዞ ይወጣል። ጫፉ የግራውን ሳንባ የደም ቧንቧ ወይም አኦርታን ሊያጠብም ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሙ መድፈኛውን ከያዘው ሽቦ ከማላቀቁ በፊት በኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ደጋግሞ የሚያየው፤ ካላማረው መልሶ ይስበዋል። ሽቦው የልብን ግድግዳ ከበሳ ደም በልብ ሽፋን ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ በደቂቃዎች ይገድላል፤ በመርፌ ወዲያው መቀዳት አለበት። ቅዝቃዜም ጠላት ነው፤ ክፍሉ ቀድሞ ይሞቃል።

መድፈኛው ከተቀመጠ በኋላ ነርሷ ሁለቱን እግሮች በእጇ ታነጻጽራለች። አንዱ ከቀዘቀዘና ከገረጣ ደም ረግቶ ይሆናል፤ ሄፓሪን የተባለ የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን የደም ግፊት ሊወርድ ስለሚችልም ዓይን አይነቀልም።

በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ያለው ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ነው። የልብ ክትትል ያለው ልጅ ይዛ ከቱሉ ዲምቱ ለምትነሳ እናት ሁለት ሦስት ታክሲ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሰፈር ያለው ጤና ጣቢያ ብዙ ሊያግዛት ይችላል። ስትጠባ የሚያልባት፣ ቶሎ ቶሎ የምትተነፍስ፣ ኪሎ የማትጨምር ልጅ ሳትውል ሳታድር ወደ ሆስፒታል ትላክ። ስትመዘንም ልብሷን አውልቁላት፤ በዚህ ዕድሜ 50 ግራም ትልቅ ነገር ነው።