የመሸበት ጀግና፦ ከአገር አገር ስለሚዞሩ የቴሌቪዥን ጀግኖች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የመሸበት እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ የቆመን ሰው ወሎ ስሙን ሳይጠይቅ ያስገባዋል። ውሃ ይቀርባል፣ እህል ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፤ «ከየት መጣህ?» የሚለው ጥያቄ ተራው የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። በዲሽ የሚታዩት የተንከራታች ጀግና ተከታታይ ድራማዎች ደሴና ኮምቦልቻ ላለ ተመልካች ባዕድ የማይሆኑበትም ለዚህ ይመስላል። ሰውየው ወደማያውቀው ከተማ ይመጣል፣ የማያውቀው ሰው ችግር ውስጥ ይገባል፣ ነገሩ ሲበርድ ቦርሳውን አንግቶ ይሄዳል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ከተማ። ነገሩ ቀላል ስለሚመስል ሻይ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ይተነትነዋል፤ ከሚተነተነው ብዙው ግን መታረም ያለበት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ታሪኩ የጀግናው ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ሌሎቹም የሚወለዱት ከዚሁ ነው።

በ1950ዎቹ የአሜሪካ ቴሌቪዥን በየሳምንቱ አዲስ ታሪክ በአዲስ ተዋንያን የሚያቀርቡ ድራማዎች ነበሩት። ደራሲ ይወዳቸዋል፤ ተመልካች ግን ማክሰኞ ማታ ማንን ብሎ ይጠብቃቸው? የሚያውቀው ፊት የለማ። ተንከራታቹ ጀግና ለዚህ የተገኘ መላ ነው። ፊቱ አይለወጥም፣ ከተማውና ታሪኩ ግን በየሳምንቱ ይለወጣል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚበደለው፣ የሚሳሳተው፣ የሚማረውና መጨረሻ ላይ ተለውጦ የሚገኘው የከተማው ሰው ነው። ጀግናው እንደመጣ ይሄዳል።

አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በታሪኩ ውስጥ እንግዳ የሆነው ጀግና በስቱዲዮው የደመወዝ መዝገብ ላይ ቋሚ ሠራተኛ ነው፤ በታሪኩ ውስጥ የቤቱ ባለቤት የሆነችው ሴት ደግሞ ለአንድ ሳምንት የተቀጠረች እንግዳ ተዋናይ ናት።

ከ1963 እስከ 1967 በአሜሪካው ኤቢሲ ጣቢያ የታየውን «ዘ ፊጁቲቭ» እንውሰድ። ዶክተር ሪቻርድ ኪምብል ባልፈጸመው የሚስት ግድያ ሞት ተፈርዶበታል፤ የጫነው ባቡር ከሐዲድ ሲወጣ ያመልጣል፣ አንድ እጅ የሌለውን እውነተኛ ገዳይ ይፈልጋል። ድራማውን በወሬ የሚያውቅ ሰው ኪምብል በየሳምንቱ ያን ሰው ሲያሳድድ የሚታይ ይመስለዋል። ከ120ዎቹ ክፍሎች ባለአንድ እጁ ሰው ብቅ የሚለው በጥቂቶቹ ብቻ ነው። በቀሩት ኪምብል ስሙን ቀይሮ ጉልበት ሥራ ይቀጠራል፣ ከዚያም የአሠሪውን ቤት ገመና ያያል። የክፍሉ ታሪክ ያ ገመና ነው።

«ጀግናው ሰጪ፣ የከተማው ሰው ተቀባይ ነው»

የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ልብ ብሎ ያየ ይህን አይልም። ቀድሞ የሚቸገረው ጀግናው ነው። ኪምብል ሥራና ማደሪያ ይለምናል። የ«ኩንግ ፉ»ው ኬን ከበረሃ መጥቶ ውሃ ይጠይቃል። የ«ሃልክ»ው ዴቪድ ባነር አውራ ጎዳና ዳር ቆሞ ሊፍት ይጠብቃል። አንድ ሰው ያበላቸዋል ወይም ያስጠጋቸዋል፤ በሰው ጉዳይ የመግባት መብት የሚያገኙት በዚያ ነው። እንጀራቸውን ያልበላ ሰው ስለ ልጃቸው ጠባይ ምን አግብቶት ይናገራል?

ጀማሪ ደራሲ አብዝቶ የሚሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው። ጀግናው ጠግቦ፣ ገንዘብ ይዞ፣ ሁሉን አውቆ ከመጣ ቅጽ የሚያስሞላ የድርጅት ሠራተኛ ይመስላል። መድኃኒቱ አጭር ነው፦ ገና መግቢያው ላይ አንድ የሚያስፈልገውን ነገር ማሳጣት። እርጥብ ጫማ፣ የተሰበረ ጎማ፣ የትናንት ረሃብ፤ ከእነዚህ አንዱ ይበቃል። ሁለት ሲሆን ልመና ይመስላል።

«ድብድብ ከሌለ ድራማው አይቆምም»

ከ1978 እስከ 1982 በሲቢኤስ የታየው «ዘ ኢንክሬደብል ሃልክ» በጡንቻ ይታወቃል። ሰዓት ይዞ ያየው ሰው ግን የሚያገኘው ሌላ ነው። ባነር ተቆጥቶ ወደ አረንጓዴው ግዙፍ ሰው፣ ወደ ሃልክ፣ የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ ሁለቴ ነው፤ አንዱ ወደ መካከሉ፣ ሌላው ወደ መጨረሻው። ከአንድ ሰዓት የስርጭት ጊዜ ማስታወቂያው ሲቀነስ ለታሪኩ 50 ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ይቀራል፤ ከዚያም ውስጥ ሃልክ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሌላው ሁሉ ባነርን የሚጫወተው ቢል ቢክስቢ ከሰዎች ጋር ተቀምጦ የሚያወራበት ነው።

ሁለቱ ለውጦች የሚቀመጡበት ቦታ ስሌት አለው። የመጀመሪያው በጣም ከቀደመ ተመልካቹ ለቤተሰቡ ገና አልተጨነቀም፣ ቁጣው ባዶ ይሆናል። ከዘገየ ደግሞ ሰው ቻናል ይቀይራል። በተጨማሪም የመጀመሪያው ለውጥ ችግሩን መፍታት የለበትም፤ እንዲያውም ማባባስ አለበት፣ ምክንያቱም ባነር አሁን ምስጢር ያለበት ሰው ሆኖ በዚያው ቤት ሊያድር ነው።

አዘጋጁ ኬኔት ጆንሰን መነሻው በአማርኛ «ምንዱባን» ተብሎ የተተረጎመው የቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ መሆኑን ተናግሯል። ባነርን በየከተማው የሚከታተለው ጋዜጠኛ ጃክ ማጊ በልብ ወለዱ ዋናውን ሰው የሚያሳድደው የፖሊስ ሹም የዣቬር ዘመድ ነው ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ድራማውን የጉልበት ትርኢት ብሎ ለመጥራት ይቸገራል። በነገራችን ላይ በኮሚክ መጽሐፉ ዋናው ሰው ብሩስ ባነር ነው፤ ቴሌቪዥኑ ዴቪድ አለው። የኮሚኩ ሃልክ ይናገራል፤ ሉ ፈሪኞ የተጫወተው ግን ያገሳል እንጂ ቃል አይወጣውም።

ያለ አንድ ቡጢ አምስት ዓመት መኖር እንደሚቻል ደግሞ ከ1984 እስከ 1989 በኤንቢሲ የታየው «ሃይዌይ ቱ ሄቨን» አሳይቷል ማለት ይቻላል። ማይክል ላንደን መልአክ ሆኖ ከቀድሞ ፖሊስ ጓደኛው ጋር በመኪና ይዞራል፤ አብዛኛው ሥራው ሰውን ከሰው ማነጋገር ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ ሲያስታርቅ ላደገ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም።

«የኩንግ ፉን ድራማ የፈጠረው ብሩስ ሊ ነው፤ ካራዲንም የኩንግ ፉ ጌታ ነበር»

በፈጣሪነት የተመዘገበው ኤድ ስፒልማን ነው። ብሩስ ሊ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ታስቦ ነበር፣ ስቱዲዮው ግን ዴቪድ ካራዲንን መረጠ። ሊ የራሱ የሆነ ተመሳሳይ ሀሳብ ነበረው፤ ባለቤቱ ሊንዳም ድራማው ከእሱ ሀሳብ የተወሰደ ነው ስትል ኖራለች። ያ የእሱ ሀሳብ «ዋሪየር» በሚል ስም ወደ ስክሪን የመጣው በ2019 ነው፤ እሱ በ1973 ከሞተ ከ46 ዓመት በኋላ።

ካራዲን ሲጀምር የማርሻል አርት ሰው አልነበረም። ከ1972 እስከ 1975 በቆየው ድራማ ግጥሚያዎቹ በዝግታ የሚታዩት ለውበት ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ተሸውዷል፤ ዝግታው የልምድ ጉድለትንም ይሸፍናል። ለአነስተኛ ቀረጻ ዛሬም የሚጠቅም ዘዴ ነው።

«በእርግጥ እየተጓዙ ነው የሚቀርጹት»

አብዛኞቹ አይጓዙም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በስቱዲዮ ግቢ የተሠራ አንድ ጎዳና የሱቅ ምልክት እየተቀየረለት የአሥር ከተማ ጎዳና ይሆናል። በእውነት የተጓዘው «ሩት 66» (1960–1964) ነው፤ የቀረጻ ቡድኑን ጭኖ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ዞሯል። ግን ስሙን በያዘው መንገድ ላይ የተቀረጹት ክፍሎች ጥቂት ናቸው። ደግሞ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተቱት ሁለቱ ወጣቶች በየዓመቱ አዲስ ኮርቬት ይነዳሉ፤ ስፖንሰሩ ሼቭሮሌት ነዋ።

የ«ናይት ራይደር»ዋ ኪት፣ በታሪኩ ራሷን የምትነዳው መኪና፣ በእውን ብቻዋን አትሄድም። ሹፌሩ መቀመጫ መስሎ በተሠራ ሽፋን ውስጥ ተደብቆ ይነዳታል።

«ጀግናው የማይለወጠው ደራሲዎቹ ሰንፈው ነው»

ምክንያቱ የስርጭት ነው። በዚያ ዘመን አንድ ክፍል ያመለጠው ሰው መልሶ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ከዚያም አልፎ ድራማው ለሌሎች ጣቢያዎች ሲሸጥ ክፍሎቹ ከተራቸው ወጥተው ሊታዩ ይችላሉ። ጀግናው በክፍል 12 ቢያገባ፣ ክፍል 9 በኋላ ቢታይ፣ ሚስቱ ወዴት ገባች? ስለዚህ አያገባም፣ ቤት አይሠራም፣ ቁስሉ በሳምንቱ ይድናል። «ዘ ፊጁቲቭ» በዓመት 30 ክፍል ይቀረጽ እንደነበርም አይዘነጋ፤ በዚያ ፍጥነት የማይለወጥ አጥንት ከሌለ ሥራው ይፈርሳል።

«ማለቂያ የላቸውም»

ብዙዎቹ ተመልካች ሲያንሳቸው ተቋርጠዋል፤ ይሄ እውነት ነው። «ዘ ፊጁቲቭ» ግን አልቋል፣ ያውም እንዴት! ኦገስት 29 ቀን 1967 የመጨረሻው ክፍል ሲተላለፍ አሜሪካ ውስጥ በዚያ ሰዓት ከተከፈቱት ቴሌቪዥኖች 72 በመቶው እሱን ያዩ ነበር። «ኳንተም ሊፕ» በ1993 ሲያበቃ ጀግናው ወደ ቤቱ እንዳልተመለሰ በጽሑፍ ተነገረ፤ በዚያ ጽሑፍ ላይ የጀግናው የአባት ስም አንድ ፊደል ጎድሎት ነበር። ባነርም ከድራማው በኋላ በተሠራ የ1990 ፊልም ይሞታል።

«የአሜሪካ ካውቦይ ፈጠራ ነው»

ከአሜሪካኖቹ ሁሉ ዕድሜው የሚረዝመው የጃፓኑ «ሚቶ ኮሞን» ነው። ከ1969 እስከ 2011 ከ1,200 በላይ ክፍሎች ታይቷል። አንድ ሽማግሌ ተራ ነጋዴ መስሎ ከሁለት አጃቢዎቹ ጋር ይዞራል፣ ድሃ የሚበድል ሹም ያገኛል፣ መጨረሻ ላይ አጃቢው አገሩን የሚገዛው የቶኩጋዋ ቤተሰብ ምልክት ያለባትን ትንሽ ሣጥን ከፍ ሲያደርግ ሁሉም መሬት ላይ ይደፋል። ስርጭቱ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ይጀምር ነበር፤ ሣጥኗ የምትወጣው 2፡45 ገደማ ነው። ተመልካቹ ያውቃል፣ ይጠብቃል፣ ደስታውም መጠበቁ ነው።

እዚህም ላይ የሚታረም ነገር አለ። ሽማግሌው በእውን የነበረው መስፍን ቶኩጋዋ ሚትሱኩኒ (1628–1701) ነው፤ ነገር ግን አገር ዞሮ አያውቅም። ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ በማስጻፍ ነው የሚታወቀው። እንዲዞር ያደረጉት ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡ ተረት ነጋሪዎች ናቸው።

«ወሎ ላይ ለመሥራት ብዙ ገንዘብና ብዙ ጉዞ ይፈልጋል»

ጉዞው እንኳ አጭር ነው። ደሴን መናኸሪያ ያደረገ ቡድን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሐረጎ ጠመዝማዛ ሲወርድ ኮምቦልቻ ላይ ሌላ አየር ያገኛል፤ ልዩነቱ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ከፍታ ነው። ጋቢ ከሚያስደርብ ጉም ወደ ሸሚዝ በአንድ ጠዋት። ወደ ሰሜን ሐይቅ ውሃና ገዳም ይሰጣል፤ ወደ ምሥራቅ የባቲ የሰኞ ገበያ አማራውን፣ ኦሮሞውንና አፋሩን ከነግመሉ ያገናኛል። ለተመልካች አራት አገር ነው።

ለ25 ደቂቃ ክፍል አምስት ተዋንያን ይበቃሉ፦ ጀግናው፣ ሦስት የቤት ሰው፣ አንድ ባላጋራ። ቦታ ሦስት፦ መንገድ፣ ቤት፣ ገበያ ወይም ማሳ። በቀን አምስት ደቂቃ የሚሆን ታሪክ ከተቀረጸ አምስት ቀን ነው። «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ልክ ነው፤ የአማርኛውን ጮክ ብሎ እያነበቡ በሰዓት መለካት ይሻላል።

የሚበላሸው የት ነው? ልብስ ላይ። ጀግናው አንድ ልብስ ብቻ ያለው ሰው ስለሆነ ያንኑ ጃኬት በሦስት ቅጂ መግዛት ግድ ነው፤ አለዚያ ጭቃ ሲነካው ቀረጻ ይቆማል። ብርሃን ላይ። ደሴ ውስጥ ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ቀድማ ትገባለች፣ ስለዚህ የውጭው ትዕይንት ጠዋት፣ የቤት ውስጡ ከሰዓት በኋላ ይሁን። ባቲ ላይ ደግሞ ካሜራ ሲወጣ ሰው ዞሮ ያያል፤ የገበያውን ሰፊ ምስል መጀመሪያ ከሩቅ መቅረጽ፣ ንግግሩን ገበያው ሲሳሳ ጥግ ይዞ መሥራት ያዋጣል። ፊቱ ቀርቦ የሚታይ ሰው አስቀድሞ ይጠየቃል።

ጀግናው ምን ሆኖ ይምጣ? ሽጉጥ ያለው መንገደኛ ከውጭ የተቀዳ ይሆናል። አገሩ የራሱ ዘዋሪዎች አሉት፦ ደረሳው፣ የቆሎ ተማሪው፣ የጭነት መኪና ረዳቱ፣ ለአጨዳ የወረደ የቀን ሠራተኛ። እያንዳንዳቸው በር የሚያስከፍት ምክንያት ይዘው ይመጣሉ።

የታሪኩን ሰዓት ቡናው ይያዘው። በአቦል እንግዳው ተቀብሎ ዝም ይላል፣ ቤቱን ያያል፤ አንድ የማይጠራ ስም፣ አንድ ባዶ መቀመጫ ይታዘባል። በቶና ከቤቱ ሰው አንዱን ቃል ያመልጠዋል፣ ሌላው ቀና ብሎ ይቆጣዋል። በበረካ ሽማግሌዋ «አብሽር ልጄ፣ ብላ» ብለው ነገሩን ይቀይሩታል፤ እንግዳው ግን ሰምቷል። ይህ ስድስት ሰባት ደቂቃ ነው፣ ከክፍሉ ሩብ ግድም። በሁለት ደቂቃ የተጨናነቀ እንደሆነ ችግሩ በጆሮው የተነገረው እንጂ ራሱ የደረሰበት አይመስልም።

መውጫው ላይ የሃልክን መዝጊያ መቅዳት ይለመዳል፤ ብቸኛ ፒያኖ፣ ጎዳና፣ ጀርባውን የሰጠ ሰው። እዚህ ካሜራው ቤት ይቅር። እንግዳው ገና ሳይነጋ ወጥቷል፤ ሽማግሌዋ የተኛበትን መደብ ያነጥፋሉ፣ ልጁ ደጅ ወጥቶ ወደ መንገዱ ያያል፣ ማታ ስሙ የማይጠራው ሰው ዛሬ ቁርስ ላይ ተቀምጧል።