ከቁልቢ መልስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ሉቃስ በምዕራፍ 2 የጻፈውን የበዓል ጉዞ ስናነብ ልባችን ቶሎ ወደ ቤተ መቅደሱ ይሮጣል። የ12 ዓመቱ ጌታችን በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ እናያለን። ከዚያ በፊት ያለውን ቃል ግን እናልፈዋለን፤ «ከመንገደኞች ጋር የነበረ ስለ መሰላቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ»። ፋሲካው ተከብሯል፣ ሁሉም ወደ አገሩ ፊቱን አዙሯል። እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ እንደ እኛ ቸልተኞች ነበሩ ለማለት አልደፍርም፤ የነገሩ ምሥጢር ሌላ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ፍለጋው የተጀመረው በመመለሻው መንገድ ላይ መሆኑ ነው። ወደ በዓል ስንወጣ ሁላችንም ጠንቃቆች ነን። ስንመለስ ግን አብሮን ማን እንዳለ፣ ማን እንደቀረ ዞር ብለን አናይም።

ይህን ለድሬዳዋ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም፤ የቁልቢ ገብርኤልን ንግሥ ያውቃልና። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረቡ ከተማችን በእንግዳ ትሞላለች። መንገዱ ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ይወጣና የሐረሩና የአዲስ አበባው መንገድ ከሚለያዩበት ወደ ቁልቢ ይታጠፋል። በእግሩ የሚሄድ አለ፤ ድንጋይ የተሸከመ አለ፤ ጧፍና ጃንጥላ የያዘ፣ በስእለት ያገኘውን ልጅ ሊያስጠምቅ የታቀፈ አለ። በመኪና የሚሄደውም ያን ቀን ሌላ ሰው ነው። አሮጊት ሲገቡ ወጣቱ ከወንበሩ ይነሣል፣ ቆሎው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ አንዱ መዝሙር ሲያነሣ የማያውቁት ሁሉ ይቀበላሉ። «ወደ እግዚአብሔር ቤት እንሂድ ባሉኝ ጊዜ ደስ አለኝ» ያለው መዝሙረኛ እንዲህ ያለውን መንገድ አይቶ መሆን አለበት።

በማግሥቱ ያንኑ ሰው ብታዩት! ወንበር ለመያዝ ቦርሳውን በመስኮት ይወረውራል። ትናንት «እናቴ» ያላቸውን አሮጊት በክርኑ ገፍቶ ይገባል። ታሪፍ ጨመረ ብሎ ረዳቱን ይሰድባል (ረዳቱም እኮ ጨምሯል፣ እሱም ከበዓል ነው የሚመለሰው)። ሾፌሩ ቶሎ አድርሶ ሌላ ለመጫን ቁልቁለቱን ሲለቀው «ኧረ ቀስ» የሚል አንድ ሰው ይጠፋል። ቅዱስ ገብርኤልን «ጠብቀኝ» ብሎ ለምኖ በዚያ ጠመዝማዛ እየበረሩ መውረድ እምነት አይደለም። ሰይጣን «ራስህን ወደ ታች ወርውር፣ መላእክቱ ያነሡሃል» ባለው ጊዜ ጌታችን የመለሰለት «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ ነው። መዝሙረኛውም እግዚአብሔር መውጣትህንና መግባትህን ይጠብቃል ሲል ሁለቱንም ቆጥሯል፤ እኛ መግባቱን ለምን እንደምንተወው አይገባኝም።

ስለ አክብሮት ካነሣን አይቀር፣ በእኛ አገር መልኩ ለየት ይላል። ከሰሜን የመጣ እንግዳ ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ሲገባ መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ታናሹ ታላቁን «አንተ» ሲል መስማቱ ነው። ባለጌ አገር ይመስለዋል። እኔ እናቴን «አንቺ» እያልኩ ነው ያደግሁት፤ እሷ ሳትቀርብ ግን ማዕድ ላይ እጄን ዘርግቼ አላውቅም። ስለዚህ ሐዋርያው በሮሜ 12፥10 «እርስ በርሳችሁ ተከባበሩ» ሲለን፣ ሌላው ሰው እኛ በለመድነው መንገድ አላከበረንም ብለን ከመቀየማችን በፊት ትንሽ ቆም ብንል መልካም ነው። በተለይ በጉዞ ላይ፣ አንዱ ኦሮምኛ፣ አንዱ ሶማልኛ፣ ሌላው አማርኛ በሚናገርበት መኪና ውስጥ።

ሌላም አለ። እኛ ቁልቢ ስንወጣ ቤታችንን የሚጠብቁልን ብዙ ጊዜ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ከእነርሱም መካከል ስእለት ይዘው ከእኛ ጋር የሚወጡ አሉ። ታዲያ ስንመለስ በመኪና ውስጥ በሌላው እምነት ላይ የሚቀለደው ቀልድ ከየት የመጣ ነው? አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች ሲያይ ሮጦ ተቀበላቸው፣ ሰገደ፣ ለእግራቸው ውኃ አስመጣ። ማን እንደሆኑ የጠየቀበት ቦታ የለም።

አክብሮት በኳስ ሜዳም ያስፈልገናል። «ስፖርት ደግሞ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?» የሚለኝ ይኖራል። ያገናኘው ቅዱስ ጳውሎስ ነው፤ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5 በጨዋታ የሚታገል ሰው እንደሚገባ አድርጎ ባይታገል የድሉን አክሊል እንደማያገኝ ይነግረናል። ድሬዳዋ ደግሞ የኳስ ከተማ ናት። በ1968 ዓ.ም. አገራችን የአፍሪካ ዋንጫን ስታስተናግድ የአንዱ ምድብ ጨዋታ እዚሁ ነበር፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር በእኛ ሜዳ ተጫውተዋል፤ ሞሮኮም ከዚህ አልፋ ዋንጫውን ወስዳለች። አራት የባዕድ ቡድን ተቀብላ ያጫወተች ከተማ ልጆች ዛሬ ከሌላ ክልል የመጣን ቡድን በብሔሩ ስንሰድብ መስማት ያሳፍራል። እሑድ ጠዋት «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ» ያለው አፍ ነው 10 ሰዓት ላይ ስታዲየም የሚሳደበው። ያዕቆብ «ከአንድ አፍ በረከትና መርገም ይወጣሉ። ወንድሞቼ ሆይ፥ ይህ እንዲህ ሊሆን አይገባም» ይላል። ሳይነካ ወድቆ ፍጹም ቅጣት ምት ለሚለምን ተጫዋች «ጎበዝ!» ብለን ስናጨበጭብም አጠገባችን የተቀመጠው ልጃችን ትምህርት እየወሰደ ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን «ኳስ አትጫወቱ» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ይጫወቱ። ብቻ የታኅሣሡን በዓል ታሪክ ይዘው ይግቡ፤ ቅዱስ ገብርኤል ከእሳት ያዳናቸው አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ለጣዖት ስገዱ ሲባሉ በንጉሡ ፊት የመለሱት አንድ መልስ ነው፣ ወደ እሳቱም የገቡት አብረው ነው። አንዱ ወደ ኋላ ቀርቶ ሁለቱን አላስበላም።

ወደ ቤት ስንገባ ነገሩ ይከብዳል። ስእለት ቅዱስ ነው፤ የተሳለ ይስጥ። ግን በማርቆስ 7 ጌታችን ፈሪሳውያንን የገሠጸው አባትና እናት ሊጦሩበት የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን ነው» ብሎ መከልከልን ስለፈቀዱ ነው። እናቱ መድኃኒት መግዣ አጥታ ተኝታ እርሱ ውድ ጃንጥላ የሚያስገባ ሰው ይህን ምዕራፍ ከንስሓ አባቱ ጋር ቁጭ ብሎ ያንብበው። የሐምሌው በዓል ራሱ የእናትና የልጅ በዓል ነው። የ3 ዓመቱ ቅዱስ ቂርቆስ በሚፈላው ጋን ፊት የእናቱ የቅድስት ኢየሉጣ ልብ ሲሸበር አጽንቷታል። ልጆቻችን ሊያጽናኑን እንደሚችሉ እኛ ብንረሳም እነርሱ ዝግጁ ናቸው፤ ማታ ጸሎቱን አንዳንዴ እነርሱ ይምሩት።

በመጨረሻ ስለቀሩት ሰዎች ልናገር። ከየቤቱ አንድ ሰው ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ ሚስት ናት። ሕፃን ታጠባለች፣ ወይም የታመሙ አማት ታስታምማለች። ዳዊት አማሌቃውያንን አሳድዶ ሲመለስ አብረውት የዘመቱት ሰዎች፣ ደክመው በብሦር ወንዝ ለቀሩት 200 ሰዎች ከምርኮው አንሰጥም አሉ። ዳዊት ግን በዕቃው ዘንድ የተቀመጠውና ወደ ሰልፍ የወጣው እኩል ይካፈሉ ብሎ ፈረደ፤ በእስራኤልም ሥርዓት ሆነ (1ኛ ሳሙኤል 30)። እንግዲህ ጸበሉንና እምነቱን (የተባረከውን አፈር) ይዘህ ስትገባ መጀመሪያ ለእሷ አድርስ። ስብከቱን ንገራት፣ ያየኸውን አጫውታት፣ «ደክሞኛል» ብለህ አትተኛ። ለሚቀጥለው በዓል ደግሞ የመሳፈሪያዋን ብር ከአሁኑ አስቀምጥላትና እሷ ትሂድ፤ አማቷንም ሕፃኑንም አንተ ትይዛለህ፣ ጎረቤትም ታግዝሃለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።