የሆስፒታል ካርድ ክፍል እና የአደጋ ጊዜ ዕቅዱ

ሆስፒታል ላይ አደጋ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ድንገተኛ ክፍልን ነው፣ አምቡላንስ፣ ደም፣ ኦክስጅን ምናምን። ካርድ ክፍል ማንም ትዝ አይለውም። ግን ሌሊት ካርድ ክፍሉ ተቃጥሎ ቢያድር ጠዋት የስኳርና የደም ግፊት ቀጠሮ ያለው ሰው ሁሉ ምን ይወስድ እንደነበር እንደ አዲስ ሊጠየቅ ነው፣ ብዙው ደሞ የክኒኑን ከለር እንጂ ስሙን አያውቀውም። ዕቅዱ የሚመልሰው ጥያቄ እንግዲህ መረጃው እንዴት ይተርፋል፣ እስኪመለስስ ሥራው በምን ይቀጥላል የሚል ነው።

እኛ ሀገር ብዙ ቦታ ታካሚው የራሱ ፎልደር እና የካርድ ቁጥር አለው፣ ፎልደሩ ሼልፍ ላይ የሚደረደረው በቁጥሩ ነው፣ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ሲመጣ ደሞ በስም፣ በአባትና በአያት ስም የሚፈለግበት ኢንዴክስ አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ መጀመሪያ መዳን ያለበት ይሄ ኢንዴክስ ነው፣ ምክንያቱም ፎልደሩ ተርፎ ኢንዴክሱ ከጠፋ ያው የወረቀት ክምር ነው፣ ኢንዴክሱ ግን ትንሽ ስለሆነ ኮፒ አድርጎ ሌላ ሕንፃ ማስቀመጥ ይቻላል። ከመደርደሪያ የወጣ ፎልደር ቦታ ላይ ትሬሰር ካርድ (ፎልደሩ የት እንደሄደ የሚጻፍበት ምትክ ካርድ) መተውም ለዚሁ ይጠቅማል፣ ክፍሉ ሲቃጠል የትኛው ፎልደር ዋርድ ላይ እንደነበረ በምን ይታወቃል ታድያ? (ትሬሰሩም አብሮ እንዳይቃጠል የወጡት በየቀኑ ሌላ መዝገብ ላይም ቢጻፉ ጥሩ ነው።)

ከእሳት ይልቅ ወረቀትን የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ውሃ ነው፣ እሳት ማጥፊያውም ውሃ ነውና። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1973 ሴንት ሉዊስ፣ አሜሪካ የወታደሮች ማህደር ሲቃጠል ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ፋይል ጠፋ፣ ሕንፃው ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ከጣራ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ) አልነበረውም፣ የረጠበውን ደሞ በቫኪዩም (አየሩ በሚመጠጥ) ክፍል ማድረቅ ነበረባቸው። የረጠበ ወረቀት ከ48 ሰዓት በኋላ መሻገት ይጀምራል፣ ስለዚ ቶሎ የማይደርቀውን ፍሪዘር ከቶ በረዶ ማድረግ ጊዜ ይገዛል፣ የተጣበቀ ገጽ በጉልበት አይገነጠልም። የታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ ከፍ ቢል፣ ጣራው ላይ ቧንቧ ባያልፍ፣ በቢክ እስክሪብቶ ቢጻፍ (ውሃ አያስለቅቀውም) ብዙ ነገር ይተርፋል። ካርድ ክፍልን ግን ምድር ቤት መክተት የተለመደ ነው፣ ጎርፍ ደሞ መጀመሪያ የሚገባው እዛ።

ወደ ኮምፒውተር መግባት በጣም ይረዳል። አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ ጆፕሊን ከተማ የሚገኘው የሴንት ጆንስ ሆስፒታል ኤሌክትሮኒክ ሲስተም የጀመረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 2011 ነበር፣ በሦስት ሳምንቱ ግንቦት 22 ቶርኔዶ ሕንፃውን መታው፣ የሆስፒታሉ ወረቀትና ኤክስሬ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሲገኝ ዳታው ግን ሌላ ከተማ ያለ ሰርቨር ላይ ስለነበር አልተነካም። ሰርቨሩ ካርድ ክፍሉ ጥግ ቢሆን ኖሮ አብሮ ይሄድ ነበር።

ኮምፒውተርም የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ዋናክራይ የሚባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ እንግሊዝ ውስጥ ከ236 የኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ትረስቶች፣ ማለትም ሆስፒታሎችን ከሚያስተዳድሩ ተቋማት፣ 80 ያህሉን አወከ፣ በ2021 ደሞ የአየርላንድ የጤና አገልግሎት በሙሉ ተጠልፎ ሠራተኛው ወደ ወረቀት ተመለሰ። ባክአፑ (የመጠባበቂያ ኮፒው) ከኔትወርኩ ጋር ተያይዞ የተቀመጠ ከሆነ አብሮ ይቆለፋል፣ ስለዚ የሚመከረው ሦስት ኮፒ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢ ውጪ ነው፣ እና አንዴ እንኳ መልሶ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም።

ጦርነትም ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት፣ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ትግራይ ውስጥ ካያቸው 106 ጤና ተቋማት 70 በመቶ ገደማው ተዘርፈው እንደነበር በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ተናግሯል።

ለየቀኑ መብራት መጥፋት ደሞ ዩፒኤስና ጀነሬተር ብቻ አይበቃም፣ የታተመ ቅጽ፣ የነገ ቀጠሮ ዝርዝር ፕሪንት እና መብራት እስኪመጣ ለአዲስ ታካሚ ለጊዜው የሚሰጥ ተለይቶ የተቀመጠ የካርድ ቁጥር ተርታ ያስፈልጋል። ሰው የሚሰንፈው እዚ ላይ ነው፣ መብራት ሲመጣ ጊዜያዊ ቁጥሩን ከዋናው ጋር ማጣመር ማንም አይፈልግም፣ ካልተጣመረ ግን ሰውየው ሁለት ካርድ ይኖረዋል፣ አንዱ ላይ የፔኒሲሊን አለርጂው ተጽፏል አንዱ ላይ የለም፣ ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ ዕድሉ ነው።